የመኪና ሰስፔንሽን በሌክ ሃይላንድስ፦ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር

ሰስፔንሽን የመኪናውን አካል ከጎማዎቹ ጋር ያገናኛል፤ ክብደቱን ይሸከማል፤ ጎማው መንገዱን እንዳይለቅ ይይዛል። በሰሜን ምሥራቅ ዳላስ፣ በኋይት ሮክ ሐይቅ አቅራቢያ ባለው ሌክ ሃይላንድስ ጋራዥ ለሚገባ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ዕቃዎቹ ሁለት ሁለት ስም አላቸው፦ የአገር ቤት መካኒክ ከጣሊያንኛ የወረሰውና እንግሊዝኛው።

ባሌስትራ ተደራርቦ የታሰረ ቅስት ብረት ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ ባለ እጀታ ቀስት ማለት ሲሆን መልኩም ያንኑ ይመስላል። ዳላስ ላይ «ሊፍ ስፕሪንግ» ይሉታል፤ እንደ ፎርድ ኤፍ-150 ባሉ ፒክአፖች የኋላ እግር ላይ ይገኛል። ሞላ ደግሞ ጥምዝምዙ ብረት፣ «ኮይል ስፕሪንግ» ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሁለቱም ምቱን ተቀብለው ይመለሳሉ። ብቻቸውን ቢተዉ ግን መኪናው ደጋግሞ ይነጥራል።

ንጥረቱን የሚገታው አሞርዛተር ነው። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያልፋል፤ የንጥረቱ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲሄድ ከቆየ በኋላ አሞርዛተር የሚግለው ለዚህ ነው። «ሾክ አብዞርበር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ያሳስታል፤ ምቱን የሚቀበለው ሞላው ነውና። ማደንዘዝን የሚያመለክተው የጣሊያንኛው ስም ለሥራው ይቀርባል።

ኪስ የሚጎዳው «ሾክ»ን ከ«ስትረት» ማምታታት ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን የነደፈው ስትረት ሞላና አሞርዛተርን አጣምሮ የእግሩ ምሰሶ ሆኖም ያገለግላል። የኮሮላ የፊት እግር እንዲህ ነው። ስትረት ሲቀየር ጎማው የቆመበት ማዕዘን ሊዛባ ስለሚችል አላይመንት መታየት አለበት፤ ዋጋ ሲጠየቅ አብሮ ይጠየቅ።

የዳላስ ጥቁር ሸክላ አፈር እንደ አገራችን ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አስፋልቱንም ያጎብጣል፤ ይህም ሰስፔንሽኑን ይፈትናል። ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የግል መኪኖችን ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ ስላስቀረች ክትትሉ በባለቤቱ ላይ ወድቋል። በአሞርዛተሩ ገላ ላይ የወረደ ዘይት፣ እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ የተበላ ጎማ፣ መሪ ሲጠመዘዝ ከሥር የሚሰማ ኳኳታ ይታዩ። ኳኳታው ብዙ ጊዜ ከቦል ጆይንት (ጎማው ከእግሩ ጋር ከሚያያዝበት ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ወይም ካለቀ ቡሽ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ካለው ላስቲክ) ነው። ቡሽ ቢቆይ መኪናውን ያንገጫግጫል፤ ቦል ጆይንት ከተላቀቀ ግን ጎማው ይታጠፋል፣ መሪውም አይታዘዝም።