ቀበሮን በቤት ማሳደግ ይቻላልን? ስለ አያያዙ መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

ከጳውሎስ ወደ ሰሜን የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ይነሣል። በዚህ የደን አካባቢ ከጅብ ጋር ተራ ቀበሮም ይገኛል። ከተማው ወደ ተራራው እየተጠጋ ሲሄድ ሰውና የዱር እንስሳት በቅርብ መገናኘታቸው አይቀርም። እናቱ የሌለች የምትመስል የቀበሮ ቡችላ ያገኘ ሰው፣ በተለይም ሕፃናት ያሉበት ቤተሰብ፣ አዝኖ ወደ ቤት ይዞ መሄድን ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ርኅራኄ ለእንስሳውም ሆነ ለቤተሰቡ አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ቀበሮን በኃላፊነት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ቀበሮ የሚባሉት እንስሳት

በአማርኛ «ቀበሮ» የሚለው ስም በርካታ እንስሳትን ያቅፋል። ተራው ቀበሮ በብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች ይኖራል። ጥቁር ጀርባ ያለው ቀበሮ በዝቅተኛና ደረቅ ስፍራዎች ይታያል። ትልልቅ ጆሮ ያለው ቀበሮ ደግሞ በደቡብ ሜዳዎች ምስጥና ሌሎች ነፍሳትን እየለቀመ ይኖራል። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ነው።

ቀይ ቀበሮ በመልኩና በስሙ ቀበሮ ይምሰል እንጂ፣ በዘር ሐረጉ ለግራጫ ተኩላ የቀረበ ነው። መኖሪያው ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ያላቸው የውርጭ ምድሮች ናቸው። በአማራ ክልል በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ይገኛል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን በባሌ ተራሮች ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። በየትኛውም ሀገር በአራዊት ማቆያ ውስጥ የሚኖር ቀይ ቀበሮ የለም። በዱር ከጠፋ የሚተካበት ሌላ ምንጭ የለም ማለት ነው።

መልመድና ለማዳ መሆን

ከቡችላነቱ ጀምሮ በሰው እጅ ያደገ ቀበሮ ሰው ሊለምድ ይችላል። ይህ ግን ለማዳ እንስሳ ሆነ ማለት አይደለም። ውሻ ለማዳ የሆነው በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት፣ በብዙ ትውልድ ነው። በሳይቤርያ ኖቮሲቢርስክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1959 ዲሚትሪ ቤልያየቭና ሉድሚላ ትሩት የጀመሩት ምርምር ይህን ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በየትውልዱ ሰውን እምብዛም የማይፈሩትን ቀበሮዎች ብቻ እየመረጡ አራቡ። ከጥቂት ትውልዶች በኋላ ጭራቸውን የሚቆሉና ሰውን የሚከተሉ ቀበሮዎች ተወለዱ። ለውጡን ያመጣው በየትውልዱ የተደረገው ምርጫ እንጂ፣ አንድን ቡችላ በፍቅር ማሳደግ አልነበረም።

ስለዚህ ከዱር የመጣ ቀበሮ ከእነ ዱር ጠባዩ ያድጋል። መሬት ይቆፍራል፣ በሽንቱ ክልሉን ያመለክታል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ምግብ ይደብቃል፣ ዶሮ ያድናል። ለአካለ መጠን ሲደርስ ፍርሃቱና ተናካሽነቱ ይበረታል። በዚያን ጊዜ ወደ ዱር መመለሱም ይከብዳል፤ ማደንን አልተማረም፣ ከሰውም መሸሽን ረስቷል።

የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት

ለጳውሎስና ለጉለሌ ነዋሪ «ፓስተር» የሚለው የቦታ ስም እንግዳ አይደለም። ስሙ የቀረው ከቀድሞው የፓስተር ተቋም ሲሆን፣ በስፍራው ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። የእብድ ውሻ በሽታ የላቦራቶሪ ምርመራ ከተቋሙ የቆዩ ሥራዎች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ በሽታውን ወደ ሰው በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ቢሆንም፣ ቀበሮም ይያዛል፤ ያስተላልፋልም። ቀበሮ በቤት ሲያዝ ደግሞ ስጋቱ ከውሻ ይለያል። ውሻ ሰው ሲነክስ 10 ቀን ታስሮ ጤንነቱን መከታተል የተለመደ ነው። ይህ ጊዜ የተወሰነው ለውሻና ለድመት በመሆኑ፣ በዱር እንስሳ ላይ ተመሥርቶ መጠበቅ አያስተማምንም። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ቡችላም ከመያዙ በፊት ተነክሶ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በሰውነት ውስጥ ሳይታይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል።

በቀበሮ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስስ ውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይዘገይም ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ቁስሉ ትንሽ መሆኑ ሊያዘናጋ አይገባም። በባህላዊ መድኃኒት እየሞከሩ መቆየት ሕይወት ያስከፍላል፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ከምልክቱ በፊት ሲሰጥ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን፣ መያዝንና መነገድን በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ ጥፋት አድርጎ ደንግጓል። ጉዳዩን በፌዴራል ደረጃ የሚከታተለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። «አዝኜ ነው ያሳደግሁት» ማለት የፈቃድን ቦታ አይተካም።

በሕግ አግባብ የሚያዝ ቀበሮ ምን ያስፈልገዋል

ቀበሮ በማቆያ እንዲኖር የሚገደድበት ሁኔታ አለ። ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተያዘ፣ አካሉ የጎደለ ወይም ወደ ዱር ቢመለስ የማይተርፍ እንስሳ የዕድሜ ልክ እንክብካቤ ያሻዋል። ለእንዲህ ዓይነቶቹ የዱር እንስሳት ከተዘጋጁት ስፍራዎች አንዱ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ በሆለታ አቅራቢያ የሚያስተዳድረው «እንስሳ ኮቴ» የተባለው ማዕከል ነው። ከጳውሎስ በዊንጌት፣ በአስኮና በቡራዩ በኩል በአምቦ መንገድ ይደረሳል።

በእንዲህ ዓይነት ስፍራ የሚከተሉት መሟላት አለባቸው።

መኖሪያ፦ ሰፊ ግቢ፣ ከላይም የተሸፈነ ሽቦ፣ እንዳይቆፍር ወደ መሬት ጠልቆ የተተከለ አጥር፣ ጥላና የሚሸሸግበት ጉድጓድ ያስፈልጋል። ሰንሰለት፣ ጠባብ ሳጥንና ሲሚንቶ ወለል እግሩንም ጠባዩንም ይጎዳሉ።

ምግብ፦ የቀበሮ ዋና ምግብ አይጥን የመሰሉ ትናንሽ እንስሳት፣ ወፎችና ነፍሳት ናቸው። ስለዚህ ሥጋ ከአጥንትና ከሆድ ዕቃ ጋር ሊያገኝ ይገባል። እንጀራ፣ ዳቦና የላም ወተት አጥንቱን አያጠነክሩም፤ ቡችላን ለተቅማጥ ያጋልጣሉ።

ጤና፦ የእንስሳት ሐኪም ክትትል፣ የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተውሳክ መከላከያና ሐኪሙ የሚያዝዘው ክትባት ግዴታ ነው። ከውሻ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ሥራ፦ ቀበሮ በዱር አብዛኛውን ጊዜውን ምግብ በመፈለግ ያሳልፋል። በማቆያም ምግቡ ተደብቆ፣ ተበታትኖ ሊሰጠው ይገባል። አንዱን መስመር ይዞ ያለማቋረጥ መመላለስ ከጀመረ የጭንቀት ምልክት ነው።

ጊዜ፦ በማቆያ ያለ ቀበሮ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ኃላፊነቱ የአንድ ክረምት አይደለም።

የተረፈ ታሪክ

የመልካም እንክብካቤ ምሳሌ በዚሁ በሀገራችን ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመትቶ፣ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። የዱር እንስሳት ባለሙያዎች በቃሬዛ አንሥተው እዚያው በተራራው ላይ ባዘጋጁት ጊዜያዊ ማቆያ ለ51 ቀናት አከሙት። ስሙንም «ተረፈ» አሉት። ሲያገግም መከታተያ አንገትጌ ታስሮለት ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ አጋር አግኝቶ ቡችሎች ለማፍራት በቃ።

እንክብካቤውን የተሳካ ያደረገው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ዓላማው መልቀቅ መሆኑ ነው። ሐኪም ነበረው፤ ከተወለደበት አየርና ከፍታም አልራቀም። ወደ ከተማ ወርዶ የግቢ ጌጥ ቢሆን ኖሮ፣ እግሩ ቢድን እንኳ ቀይ ቀበሮነቱ በዚያው ያበቃ ነበር።

ነዋሪው ሊያደርገው የሚችለው

የቀበሮ ቡችላ ብቻዋን ስትገኝ እናቷ ለአደን ሄዳ ወይም ልጆቿን በየተራ እያዛወረች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳይነኩ መራቅ፣ ውሾችንና ሕፃናትን ማራቅ ይገባል። ቡችላዋ ከቆሰለች ወይም እናቷ መሞቷ ከተረጋገጠ ቦታውን ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በቅርብ ላለ የእንስሳት ሕክምና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል። ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ በባዶ እጅ አለመያዝና ምግብ አለማጉረስ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ግን የራስን ውሻ ማስከተብ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ውሾችን መከተብ ተጠናክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለቀይ ቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ሥራ ላይ ውሏል። በከተማም ነገሩ ያው ነው። በጉለሌ ግቢ ውስጥ የተከተበና ሌሊት የማይለቀቅ ውሻ ባለቤቱን፣ ጎረቤቱንና በእንጦጦ ደን የሚኖረውን ቀበሮ በአንድ ጊዜ ይጠብቃል።