የ2004ቱ አዋጅ እና ቤታችን ያለችው ሳጥን

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ሕግ አወጡ። ለአገር ደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው የተመዘገቡ ኩባንያዎች የሠሩት አዲስ የመገናኛ ዕቃ ፈቃድ እንዳያገኝ የሚከለክል ነው። ሁዋዌና ዜድቲኢ መዝገቡ ላይ አሉ። የሕጉ ጥያቄ አጭር ነው፦ ዕቃውን ማን ሠራው?

እኛስ? እኛም እኮ የቤት ውስጥ ዕቃን ከአገር ደኅንነት ጋር ያገናኘ ሕግ አውጥተናል፤ ያውም ከዚያ 9 ዓመት ቀድመን!

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ገና ከመግቢያው፣ ማጭበርበሩ ከኢኮኖሚ ኪሳራ አልፎ ለብሔራዊ ደኅንነት ሥጋት መሆኑን ይናገራል። ያለ ሚኒስቴሩ ፈቃድ የቴሌኮም ዕቃ ያመረተ፣ የገጣጠመ፣ ያስመጣ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ። የያዘ ወይም የተጠቀመ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ዓመት። የትኞቹ ዕቃዎች ያለ ፈቃድ እንደሚያዙ የመወሰን ሥልጣን በአዋጁ የተሰጠው ለሚኒስቴሩ ነበር።

ያን ሰሞን «ኢትዮጵያ ውስጥ በስካይፕ ማውራት 15 ዓመት ያሳስራል» የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ። መንግሥትም አስተባበለ። ሁሉም ስለ ስካይፕ ሲከራከር 15 ዓመቱ የተቀመጠው ዕቃው ላይ መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? ከሲም ቦክስ። ከውጭ የሚደወለው ስልክ በኢንተርኔት ይገባና ሳጥኗ ጋ ሲደርስ የአገር ውስጥ ጥሪ ይመስላል፤ ለቴሌ ይገባ የነበረው ዶላር መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህም ነው በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ ማድረግ ቀደም ብሎ በ1994ቱ አዋጅ የተከለከለው።

እስቲ ነገሩን ከመካነ ሰላም እንየው። ከደሴ በአቀስታ አድርገው ወደ ቦረና ሲወጡ፣ ልጇን ዓረብ አገር የላከች እናት ብዙ ናት። ርካሿ ጥሪ ለእሷ የልጇ ድምፅ ናት። አዋጁ ግን በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሰጠን ከ3 እስከ 8 ዓመት፣ አውቆም ሆነ በቸልተኝነት የተገለገለን ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ያስቀጣል።

በዚያው በ2004 ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ቻይና የገነባችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ ከ2012 እስከ 2017 የኅብረቱ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላክ ነበር ሲል ጻፈ። ቻይናም ኅብረቱም አስተባበሉ። የአገሪቱን ኔትወርክስ ማን ዘረጋው? በ1999 በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ዜድቲኢ፤ በ2005 ደግሞ በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ሁዋዌና ዜድቲኢ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ የጸጥታ ሰዎች በዜድቲኢ ሥርዓት በኩል የዜጎችን የጥሪ መዝገብ ያለብዙ ገደብ ያዩ እንደነበር ዘርዝሯል።

ልዩነቱ ይኸው ነው። የአሜሪካው ሕግ ሠሪውን ጠረጠረ፤ የእኛው ተጠቃሚውን። አጭበርባሪን መቅጣት ተገቢ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ግን «ደኅንነት» ስንል የማንን? በ2015 አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የመካነ ሰላሟ እናት ከልጇ ጋር የተቆራረጠችው በሻንጋይ ሰላይ አይደለም።

ሳጥኑን ማን ሠራው ብለን እንጠይቅ። ማን ያየናል፣ ማንስ ይዘጋብናል የሚለውንም አብረን ካልጠየቅን ግን ጥያቄው ጎዶሎ ነው።