የሞርተን ግሮቭ የሽጉጥ ደንብ

ሞርተን ግሮቭ በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ ከቺካጎ በስተሰሜን የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ ነጋዴ የጦር መሣሪያ መደብር ሊከፍትባት ሲያስብ፣ ምክር ቤቷ ሽያጩን በመከልከል ብቻ አላበቃም። ጁን 8 ቀን ባጸደቀው ደንብ ተራ ነዋሪ በገዛ ቤቱ ሽጉጥ እንዳያስቀምጥ አገደ። ረጅሙ ጠብመንጃ አልተነካም፤ ፖሊሶችም ከክልከላው ውጭ ነበሩ። ደንቡን የጣሰ በመጀመሪያ ከ50 እስከ 500 ዶላር ይቀጣል፣ ከደገመም እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል።

ሕጉ ወዲያው ተከሰሰ። ከተማዋን ያዳናት ግን የቆየ የቺካጎ ታሪክ ነው። በ1879 ሄርማን ፕሬሰር የሚባል ሰው ሰይፍ ይዞ፣ ፈረስ ተቀምጦ፣ ጠብመንጃ የታጠቁ 400 ያህል ሰዎችን አስከትሎ በቺካጎ ጎዳና ወጣ። ተከታዮቹ በአብዛኛው ጀርመናውያን ሠራተኞችን ያቀፈ ማኅበር አባላት ነበሩ። ክፍለ ግዛቱ ያለ ፈቃድ ሰልፍ ወጣህ ብሎ 10 ዶላር ቀጣው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1886 መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የሚገድበው የፌዴራሉን መንግሥት ነው፣ ክፍለ ግዛቶችን አይደለም ሲል ቅጣቱን አጸና። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በዲሴምበር 1982፣ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ ፍርድ ጠቅሶ ለሞርተን ግሮቭ ፈረደ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1984 ደንቡን አጸና፤ የክፍለ ግዛቱ የ1970 ሕገ መንግሥት የመታጠቅን መብት ለጸጥታ ማስከበር ሥልጣን አስገዝቶታልና።

በጆርጂያ ያለችው ኬኔሶው በማርች 1982 አጸፋውን መለሰች፤ እያንዳንዱ አባወራ ከነጥይቱ መሣሪያ ይኑረው የሚል ደንብ አወጣች። ሕሊናው የማይፈቅድለትን ሁሉ ነፃ ስላደረገ ከሕግነቱ ይልቅ መልእክትነቱ ያመዝናል።

ታሪክ ጸሐፊዎች በእነዚህ ሁለት ከተሞች ፉክክር ላይ ብዙ ያተኩራሉ። እኔ ግን የደንቡ ትልቁ ውጤት ሌላ ቦታ ነው የታየው እላለሁ። አንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ማድረግ ከቻለች ሌላውስ ብሎ የሠጋው፣ ለመሣሪያ ባለቤቶች የሚሟገተው ብሔራዊ የጠብመንጃ ማኅበር ፊቱን ወደ ክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች አዞረ። የጠየቀው ቀላል ነገር ነው፦ መሣሪያን የሚመለከት ሕግ ክፍለ ግዛቱ ብቻ ያውጣ፣ ከተሞች እጃቸውን ያንሡ። ፍሎሪዳ በ1987 ይህን አጥብቃ ደነገገች፤ ዛሬ ከ40 በላይ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። በፍርድ ቤት የረታው ደንብ በየምክር ቤቱ ተሸነፈ ማለት ነው።

የፍርድ ቤቱም አቋም በኋላ ተቀየረ። ጁን 26 ቀን 2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የዋሽንግተን ዲሲን የሽጉጥ ክልከላ ሻረ። ዋሽንግተን በፌዴራሉ ሥር ስለሆነች ፍርዱ ኢሊኖይን በቀጥታ አይነካም ነበር። ሞርተን ግሮቭ ግን ክስ እንደቀረበባት በዚያው ክረምት ደንቧን ሰረዘች። ከ1982 ጀምሮ አዲስ ሽጉጥ ባለመመዝገብ በተግባር ሽጉጥን ከልክላ የነበረችው ቺካጎ እስከ መጨረሻው ተሟገተች፤ በጁን 2010 እንደገና 5 ለ4 ተረታች፣ ማሻሻያውም ክፍለ ግዛቶችንና ከተሞችን እንዲያስር ሆነ። በ2013 ኢሊኖይ ራሷ ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝን በፈቃድ ስትፈቅድ፣ ሽጉጥን የመቆጣጠር ሥልጣን ከከተሞቿ ወስዳ ለራሷ አደረገች።