ታኅሣሥ 22 ቀን 1928፦ ጦርነቱ ገና ያልተወሰነበት ዕለት

«ሃርትስ ኦፍ አይረን 4» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የዓለም ካርታ ስክሪኑን ሞልቶ ይዘረጋል። ሰዓቱ ቆሟል፤ ተጫዋቹ አገሩን መርጦ ጊዜው እንዲሄድ እስኪፈቅድ ድረስ የሚንቀሳቀስ ወታደር የለም። ጀርመን ፖላንድን ለመውረር ገና ከሦስት ዓመት በላይ ይቀራታል። ኢትዮጵያ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። የጣሊያን ጦር መረብን ከተሻገረ ሦስት ወር ሆኖታል።

ጨዋታውን የሚሠራው ስቶክሆልም የሚገኘው ፓራዶክስ የተባለ ኩባንያ ነው። የተከታታዩ የመጀመሪያ ክፍል በ2002፣ አራተኛው ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚህ ሙያ አብዛኛው ሥራ በወጣ በሁለትና በሦስት ዓመቱ ይረሳል። ይኼኛው ግን ከዓመታት በኋላም በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጫወቱታል። ደንቡን ለመልመድ ብቻ ብዙ አሥር ሰዓታት ይፈጃል፤ የሚታየውም ካርታ፣ ሰንጠረዥና ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር ለምን ይወደዳል?

ጥያቄውን ከሲያትል፣ ከሴንትራል ዲስትሪክት ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ሰፈሩ ከዋሽንግተን ሐይቅ በስተምዕራብ ነው። ከሐይቁ ማዶ ቤልቪው ውስጥ ስቲም የተባለውን የጨዋታ መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ አለ፤ ተጫዋቾች ይህን ጨዋታ በብዛት የሚገዙት ከዚያ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ሬድመንድ ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያንን በ2015 እ.ኤ.አ. «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2» ውስጥ ያስገባው ማይክሮሶፍት አለ። ከሐይቁ ወዲህ ደግሞ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሱዳንና በሌላም መንገድ የመጡ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት፣ የቼሪ ጎዳና የእንጀራ ቤቶች ያሉበት አሮጌ ሰፈር። እዚህ ያደገ ልጅ ስለ ማይጨው በሁለት መንገድ ሊሰማ ይችላል፤ ከቤተሰብ ወሬና ከስክሪን። ሁለቱ የሚናገሩት ግን በተለያየ ሰዋስው ነው።

«ኖሮ» የምትባል ቃል

ቤት ውስጥ የሚነገረው ታሪክ አልቋል። ጣሊያን መርዝ ረጨ፤ ጀግኖቻችን ተዋጉ፤ ዓለም ከዳን፤ በአምስተኛው ዓመት ድል አደረግን። መጨረሻው ስለሚታወቅ መካከሉ ሁሉ ወደዚያ የሚያመራ መንገድ ይመስላል። አማርኛ ግን ያለቀን ነገር መልሶ የሚከፍት አንድ ትንሽ ቃል አለው። «ጥይት ቢኖረን ኖሮ»፣ «መንገዱ ቢዘጋ ኖሮ»፣ «ንጉሡ ባይወጡ ኖሮ»። ይህች «ኖሮ» በሽማግሌዎች ጨዋታ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የቁጭት ቃል ናት። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሥራ ትሆናለች። እሺ፣ መንገዱን ዝጋው፤ ምን እንደሚሆን እንይ ትላለች።

ጨዋታው ጃንዋሪ 1ን የመረጠው ለኢትዮጵያ ብሎ አይደለም፤ ግን ቀኑ በአጋጣሚ በጣም ትክክለኛ ቀን ነው። በታኅሣሥ 1928 ጦርነቱ አልተወሰነም ነበር። የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ቀላል ታንኮች መትቶ ነበር። ሌሎቹም ራሶች በተምቤን በኩል እየገፉ ነበር። ባዶሊዮ ዴ ቦኖን ተክቶ ከመጣ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን መጣል የጀመረውም በዚያው ወር ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን፣ ማለትም የጨዋታው ሰዓት ከሚጀምርበት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደቡ። ሆስፒታሉ የስዊድን ነበር። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያን ሰዓት በካርታ ላይ የመለሱት ሰዎችም ስዊድናውያን መሆናቸው የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

ከዚያች ቀን የጀመረ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚማረው ነገር ከአንድ ምዕራፍ መጽሐፍ ጋር ይተካከላል። ሰው አለው፤ ጠመንጃ የለውም። ተራራው ይከላከልለታል፤ ሜዳ ላይ ከወረደ ግን ያልቃል። ፋብሪካው ጥቂት ስለሆነ የወደቀ መሣሪያ አይተካም። ይህ ከእውነተኛው ታሪክ የራቀ አይደለም። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያንን ሲቀጣ ነዳጅን ከቅጣቱ ውጪ አደረገ፤ የስዌዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ጥንቱንም የራሱ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሌለው አገር ግን መሣሪያ የሚገዛበት በር ጠበበበት። ጀግንነት የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ጨዋታው ሽፋኑን ያነሣዋል። ተጫዋቹ የሚሸነፈው ፈሪ ሆኖ ሳይሆን ስንቅና ጥይት አልቆበት ነው፤ በዚህም ማይጨው ላይ የወደቁትን ከውዳሴ በተሻለ ይረዳቸዋል።

ተራ የሌለበት ጨዋታ

ይህ ዓይነት ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ ፍጹም እንግዳ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሲጽፍ «ወረራ» ስለሚባለው መክፈቻ ይገልጻል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደፈጠነ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የሌላውን አሰላለፍ እያዩም የራሳቸውን ያስተካክላሉ። ተራ መጠባበቅ የሚመጣው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። በፈረንጅ ቼዝ አንዱ ሲያስብ ሌላው ይጠብቃል፤ በወረራ ግን ጊዜ ለማንም አይቆምም።

የፓራዶክስ ጨዋታዎችም ከብዙዎቹ የስልት ጨዋታዎች የሚለዩት በዚሁ ነው። በተራ አይሄዱም። ሁሉም አገር በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ይሮጣል። ጊዜውን አቁሞ ማሰብ ይቻላል፤ ግን ሲለቀቅ ሌላው ሁሉ አብሮ ይለቀቃል። ሮም፣ ለንደንና ቶኪዮ የአዲስ አበባን ተራ አይጠብቁም። ለትንሽ አገር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። እጣዋ የሚወሰነው በራሷ ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ሌሎች ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያስቡ መሆኑን ያሳያል። በ1928 ፈረንሳይና እንግሊዝ ስለ ኢትዮጵያ ሲወስኑ በልባቸው የነበረው ሂትለር ነበር።

ሰንጠረዥ ሌላም ነገር ያስተምራል። በድሮው ልማድ ንጉሥን በኃይለኞቹ ጠጠሮች ማሰር ብዙ ክብር አያሰጥም ነበር፤ በደካማ ጠጠር ያሰረ ይመሰገን ነበር። «ሃርትስ ኦፍ አይረን» ላይም አሜሪካን ይዞ ማሸነፍ ማንንም አያስደንቅም። ኢትዮጵያን ይዞ ጣሊያንን ወደ ምጽዋ መመለስ ግን የተጫዋቾች የሙያ መፈተኛ ሆኖ ቆይቷል። ጨዋታው የማይሰለችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደካሞቹን አገሮች ለጌጥ አላስቀመጣቸውም፤ ማንኛቸውንም መርጦ መነሣት ይቻላል።

ሌላው ምክንያት ለመለወጥ ክፍት መሆኑ ነው። አብዛኛው ደንቡ በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለተጻፈ አንብቦ መለወጥ ይቻላል። በዚህም አንደኛውን የዓለም ጦርነት ጀርመን ያሸነፈችበትን «ካይዘርራይኽ»ን የመሰሉ ሙሉ ዓለማትን ተጫዋቾች ራሳቸው ጽፈዋል። ከመጀመሩ በፊትም ጨዋታው አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ሌሎቹ አገሮች እንደ ታሪኩ ይሂዱ ወይስ እንደፈለጉ? ታሪክ የሚጻፍበትን መንገድ በሁለት ቃል የጠየቀ መምህር ስንት ነው?

ጎሬ ወይስ ባህር ማዶ

እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ኢትዮጵያ በጨዋታው ውስጥ የራሷ መንገድ አልነበራትም። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋው የውሳኔ ዝርዝር ለታላላቆቹ ተለይቶ ሲሠራ እሷ ከብዙ ትንንሽ አገሮች ጋር አንድ የጋራ ዝርዝር ትካፈል ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ «ባይ ብለድ አሎን» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ የራሷን ዛፍ አገኘች። ዋናው ሹካ ሁለት ነው፤ አገር ውስጥ ሆኖ መመከት ወይም ተሸንፎ በስደት መንግሥት ሥልጣንን መልሶ መገንባት።

ይህ ሹካ የጨዋታ ሠሪዎች ፈጠራ አይደለም። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጎሬ ሄደው ይዋጉ ወይስ ወደ ዤኔቭ ሄደው ይክሰሱ? ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት መውጣቱን አጥብቀው ተቃወሙ። ብዙኃኑ ግን ለመውጣት ወሰነ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ራስ እምሩ ጎሬ ላይ እንደራሴ ሆነው ቀሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልተዘጋም። መውጣት ትግሉን ማዳን ነው ወይስ መተው?

በሴንትራል ዲስትሪክት ይህ ጥያቄ የ1928 ብቻ አይደለም። ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥሎ የወጣ ሁሉ፣ ወንድሙን ወይም ጓደኛውን ትቶ የመጣ ሁሉ በራሱ ላይ ጠይቆታል። በጨዋታው ውስጥ የስደት መንግሥት የሚለካው «ቅቡልነት» በሚባል ቁጥር ነው፤ ለትግሉ አስተዋጽኦ ሲያደርግ ይጨምራል። ለስደተኛ ልጅ ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ መድከም ተራ ጨዋታ ላይሆን ይችላል። ከባህር ማዶ ሆኖ የአገር ጉዳይ ላይ ድምፅ የሚኖረው ማን ነው የሚለው ክርክር በየቡናው ላይ የሚሰማ ነውና።

ጨዋታው የሚያቆምበትም ቦታ ይኸው ነው። ካርታው ቀለሙን ሲመልስ ሒሳቡ ይዘጋል። በእውነተኛው ታሪክ ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ቀለሙ ከተመለሰ በኋላ የወጡትና የቀሩት መተሳሰብ ነበረባቸው። ጎጃም ውስጥ አምስት ዓመት የተዋጋው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቀለ። ብላታ ታከለም ብዙ ዘመናቸውን በእስርና በመቃወም አሳለፉ። ይህን የሚለካ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ዘምተው፣ ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወስደዋል፤ በኋላም «ትዝታ»ን ጻፉ። ካርታው ላይ አንድ ክፍለ ጦር ሆኖ የሚታየው ነገር እዚያ ውስጥ የሚራብ፣ የሚፈራ፣ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሌላው የ1936 ካርታ

በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. ሲያትል ላይ ሌላ ካርታ ተቀብቶ ነበር። የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የተባለው የፌዴራል ተቋም የከተማዋን ሰፈሮች በአራት ቀለም ከፈላቸው፤ ለብድር አስተማማኝ የሆነው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ፣ አደገኛ የተባለው ቀይ። ጥቁሮች የሚኖሩበት የሴንትራል ዲስትሪክት ክፍል ቀይ ሆነ። በሌሎች ሰፈሮች ቤት እንዳይገዙ የሚከለክሉ ውሎች ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ብድር ጠፋ። የከተማው ሕዝብ በ1964 እ.ኤ.አ. የቤት አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ በድምፅ ጣለው፤ ሕጉ የጸደቀው ከአራት ዓመት በኋላ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ወር ነው። በዚያው ዓመት ሌሎች የነፈጉትን ብድር ለመስጠት ሊበርቲ ባንክ በሰፈሩ ተከፈተ።

እንግዲህ ኢትዮጵያውያኑ የሰፈሩት ቀይ ተቀብቶ በኖረ መሬት ላይ ነው። በኋላ የቤት ዋጋ ሲወጣ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦችና ከነሱ ጋር ብዙ ሐበሾች ወደ ደቡብ፣ ወደ ሬኒየር ቫሊ፣ ወደ ሬንተንና ወደ ኬንት ተገፉ። በ1970 እ.ኤ.አ. ከአሥሩ ነዋሪ ከሰባት በላይ ጥቁር የነበረበት ሰፈር ዛሬ እንዲያ አይደለም። ድንበሩን ያሻገረ ጦር የለም፤ የተለወጠው ቀለም ብቻ ይመስላል።

ሁለቱን ካርታዎች አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ጨዋታው ለምን እንደሚወደድም፣ ምን እንደሚጎድለውም ይገባዋል። የሚወደደው ቀለም በራሱ እንደማይለወጥ ስለሚያሳይ ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው ወስኖ ነው፤ ሌላ ሊወስንም ይችል ነበር። የታሪክ ትምህርት ቤት «ሆነ» ብሎ የዘጋውን በር ይከፍተዋል። የሚጎድለው ደግሞ ተጫዋቹን ሁልጊዜ ቀለም ከሚቀባው ወገን ስለሚያስቀምጠው ነው። ከቀለሙ ሥር የሚኖረው ሰው፣ የጎሬው ዘማችም ሆነ የቼሪ ጎዳናው ተከራይ፣ ሰዓቱን የሚያቆምበት ቁልፍ የለውም። በጨዋታው የጀመረ ልጅ «ትዝታ»ን ቢከፍት የሚያገኘው ያንን ሰው ነው።