ታጥቦ የሚሄድ ቀለም፤ በጅግጅጋ አካባቢ የሎሕ ጽሕፈት ታሪክ

«ቀለም» በአማርኛ ግድግዳ የሚቀባበትም ብራና የሚጻፍበትም ነው፤ «ቀለም ቆጠረ» ስንል ደግሞ ትምህርትን ማለታችን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በአካባቢያቸው ባሉ የቁርዓን ትምህርት ቤቶች (ሱማሌዎቹ ዱግሲ ይሏቸዋል) በባህላዊ መንገድ በሚዘጋጀው ቀለም ላይ ነው።

አሠራሩ ከማጀት አይርቅም። ከሰል ይደቅቃል፤ በውሃ፣ አንዳንዴም በወተት ይበጠበጣል፤ የግራር ሙጫ ይገባበታል። ሙጫው ካነሰ ጽሕፈቱ ሲደርቅ ይረግፋል፤ ከበዛ ቀለሙ ይወፍርና ከብርዑ አልወርድ ይላል። ደረሳው መዓሊኑ የሚያስጽፈውን በሎሕ፣ ማለትም በእንጨት ገበታ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ሲይዘው ያጥበዋል፤ በቦታው ሌላ ይጽፋል።

የቤተ ክርስቲያን ጸሐፍት ጥቁር ቀለም የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ጥላሸት፣ የተቆላ እህልና ሙጫ ተዋሕደው ለወራት ይቆያሉ። ሁለቱም ካርቦን በመሆናቸው ፀሐይ አያደበዝዛቸውም። የሚለያዩት በዓላማ ነው፤ የብራናው እንዲኖር፣ የሎሑ እንዲለቅ ይፈለጋል። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ከብረት ጨው የሚሠራ ቀለም ለሎሕ አይሆንም ነበር፤ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይቀራልና።

ችግሩ ለታሪክ ጸሐፊ ነው። የጽሕፈትን ታሪክ የምንለካው በተረፉት መጻሕፍት ነው። ጎንደርና ሐረር መጻሕፍት አቆይተዋል፤ የሱማሌ አርብቶ አደር ግን «የቃል ሕዝብ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ግማሽ እውነት ይመስለኛል፤ ጽሕፈቱ ስለታጠበ አልነበረም ማለት አይቻልም። ምስክሩ ቋንቋው ነው። ልጆች የዐረብኛን አናባቢ ምልክቶች የሚማሩት «አሊፍ ላ ኮርዳበይ» እያሉ በሱማልኛ ነው፤ «ኮር» ላይ፣ «ሆስ» ታች ማለት ነው፤ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ወይስ በታች እንደሚውል ስሙ ራሱ ይናገራል። ይህን ዘዴ ትውፊቱ ለሼኽ ዩሱፍ አል ከውነይን (አው በርኸድሌ) ይሰጣል። በ1925 ዓ.ም. ገደማም ከአውበሬ ድንበር ማዶ በቦረማ ሼኽ አብዱራህማን ሼኽ ኑር ለሱማልኛ የራሱን ፊደል ቀርጸዋል። ሱማሊያ የላቲን ፊደልን በሕግ ያጸደቀችው ከዚህ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1965 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ጽሕፈት ካልለመደ ማኅበረሰብ ይወጣል ብሎ ማሰብ ይቸግራል።

ከሎሑ የወረደው እጣቢም እንደ ተራ ቆሻሻ አይደፋም። እግር በማይረግጠው ስፍራ ይፈሳል፤ አንዳንዴም ለታመመ ሰው ይሰጥና ይጠጣል።