የድርጅት ቤት

መቼም ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ኩባንያው ከዚራ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች አወጣ፤ ለሠራተኞቹም ቤት ሠራ። ሠራተኛው በረንዳው ላይ አበባ ይተክላል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ይድራል። ቤቱ ግን የድርጅቱ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ የቀበሌ ቤት መጣ። እና ለድሬ ሰው መኖርና ባለቤት መሆን ለየቅል መሆናቸውን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔ ግን ትምህርቱን የወሰድኩት ከኮምፒውተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር እንደ አንድ ትልቅ ግቢ ነበር፤ መምህሩም ተማሪውም በየስሙ ክፍል ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የድረ ገጽ ሰርቨር፣ ኋላም በ1995 ብቅ ያለው አፓቺ፣ «ዩዘርዲር» የሚባል ትእዛዝ ነበራቸው። ትእዛዙ ሲበራ ማንም ሰው በክፍሉ ውስጥ «ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል» የሚል ፎልደር ይከፍታል፤ እዚያ ያኖረውን ዓለም ያነብለታል። አድራሻው የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ከዚያ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘች ጭረት፣ ከዚያ የሰውየው ስም ነው።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ከሚነበበው ጥቂት የማይባለው፣ ውጭ የሚማሩ ልጆቻችን እንዲህ ባለው ክፍላቸው ያስቀመጡት ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ አንዱ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው እንደ ሥዕል ይለጥፋል። ተማሪው ሲመረቅ ግን ስሙ ከሰርቨሩ ይፋቃል፤ ገጹም አብሮት ይሄዳል።

እኔም በአንድ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለ ክፍል ደረሰኝ። ጡረታ ከወጡ አንድ የባቡር ሠራተኛ የሰማሁትን ተረትና ወግ እየተየብኩ ከተትኩበት። ገጹን ልከፍት ስል «አይፈቀድም» አለኝ። ሰርቨሩን የሚጠብቀውን ወጣት ጠራሁት። የድሬ ልጅ አይደል፣ አንቱታ የለም።

«አቦ ጋሼ፣ የግቢህን በር ቆልፈህ ሳሎን እንግዳ ትጠራለህ እንዴ?» አለኝ።

ለካ ፎልደሩን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ በዋናው ክፍል በኩል እንግዳው እንዲያልፍ መፍቀድ ያስፈልጋል። ማለፍ ብቻ፤ ጓዳውን ማየት አይፈቀድለትም። ልጁ ሁለት ቁጥር ለወጠና ተከፈተ። ለሽማግሌው አትሜ ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱን ከነመነጽራቸው አስጠግተው፣ «ይኼ እንግዲህ አይጠፋም» አሉኝ። እኔም «አይጠፋም» አልኳቸው።

ኮሌጁን ስለቅ የቢሮ ቁልፍ መለስኩ፤ ክፍሉ ትዝም አላለኝ። ከወራት በኋላ ብፈልገው የለም። ማንም በደለኝ አልልም፤ ሥራ ለቀቀ፣ ስሙ ተሰረዘ፣ ደንቡ ነው። ቅጂ ያላስቀረሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ግን በዚያው ዓመት አርፈው ነበር።

ይህ የኮሌጅ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚሊዮኖች ገጽ የሠሩበት ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘግቷል። ዛሬም የልጆቻችንን ፎቶና የእናቶቻችንን ድምፅ የምናስቀምጠው በሰው ግቢ ነው። ግቢው አይከፋም፤ በረንዳውም ያምራል። እኔ ግን ከሽማግሌው ወግ ዛሬ በእጄ ያለው በእስክሪፕቶ የጫርኩት ግማሽ ደብተር ብቻ ነው።