ሦስት ፊደል በአንድ ጣሪያ ሥር፤ የአፋር ቤትና የልጆች ንባብ

ስለ ሕፃናት ንባብ በተነሣ ቁጥር አንድ ምክር ይደጋገማል፦ ወላጅ ለልጁ ያንብብለት፣ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ይኑር። ምክሩ ክፋት የለውም። ቤተሰቡ የሚናገረው ቋንቋ፣ ወላጅ የሚያነበው ፊደልና ልጅ ትምህርት ቤት የሚማረው ፊደል አንድ በሆነበት አገር ለመፈጸምም ቀላል ነው። በአዋሽ ሸለቆ ግን ሦስቱ በአንድ ቤት ተገናኝተው የሚያውቁት ከስንት አንዴ ነው። ለምን እንዳልተገናኙ የሚናገረው ታሪኩ ነው።

የአፋር ቤት የቋንቋ ድሃ ሆኖ አያውቅም። ዳጉን ማሰብ ይበቃል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። አረፍ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ? ግጦሽ የት አለ? ማን ታመመ? የት ጠብ ተነሣ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል። ሰሚው ይጠይቃል፣ ያመዛዝናል፣ ሳያዛባም ለሌላው ያደርሳል። አዋቂዎች ዳጉ ሲቀባበሉ አጠገባቸው የተቀመጠ ሕፃን ጆሮው የሚለምደው በቅደም ተከተል የተነገረ፣ ምንጩ የታወቀ ንግግር ነው። አንድ ገጽ አንብቦ «ማን ምን አደረገ? በምን ታወቀ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት የሚቻለው በዚሁ ችሎታ ነው።

ከዳጉ ጎን ተረትና እንቆቅልሽ አለ። የቋንቋ ተመራማሪዋ ኢኒድ ፓርከር የአፋርን ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሰብስበው በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሳትመዋል። ይህ ሁሉ ሀብት ቤት ውስጥ ነበር። ያልነበረው እርሱን የሚሸከም አንድ የጸና ፊደል ነው።

መጀመሪያ የመጣው የዐረብኛው ፊደል ነው። በአውሳ ሱልጣኔትና በአካባቢው የቁርኣን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ይሰጥ ነበር። ልጅ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እየደገመ ፊደል ይለያል፣ በቃሉም ይይዛል። ትልቅ ሥልጠና ነው፤ የሚነበበው ቋንቋ ግን እናቱ የምታናግረው አይደለም።

ሁለተኛው የግዕዙ ፊደል ነው። እርሱ የመጣው ከመንግሥት፣ ከመንገድና ከባቡር ጋር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አዋሽ ሰባት ኪሎም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና ሌላውም በገበያዋ ተገናኘ፤ የጋራ መግባቢያው አማርኛ ሆነ፣ ትምህርት ቤቱም በአማርኛ አስተማረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎችን ሲያቅፍ አፋርኛ አንዱ ነበር። የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው።

ሦስተኛው ፊደል በዚያን ጊዜ ተወልዶ ነበር። በ1960ዎቹ ዲሚስና ሬዶ በሚባሉ ስሞቻቸው የሚታወቁ ሁለት የአፋር ምሁራን በላቲን ላይ የተመሠረተ ጽሕፈት ቀረጹ። «ቃፋር ፌራ» ይባላል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከፈቀደ በኋላ አፋርኛ በዚሁ ፊደል ወደ ትምህርት ገባ። በ1980ዎቹ የተመሠረተው የአፋር አርብቶ አደር ልማት ማኅበርም ከከብቶቹ ጋር በሚጓዙ መምህራን በአፋርኛ ማንበብና መጻፍ አስተማረ። መደበኛ ትምህርት ቤቶች ግን ለረጅም ዓመታት በአማርኛ ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

ውጤቱ የሚታየው ቤት ውስጥ ነው። አያት የዐረብኛውን ፊደል ያውቃሉ። አባት አማርኛ ያነባል። ልጅ ቃፋር ፌራ ይዞ ይመጣል። ሦስቱም የተማሩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ደብተር ማየት ግን አይችልም። ላቲኑን ከእንግሊዝኛ የሚያውቅ ወላጅም ይሰናከላል። በቃፋር ፌራ «ኪው» የ«ዐይን» ድምፅ ናት፤ የሕዝቡ ስም ራሱ በእርሷ ይጀምራል። «ሲ» ደግሞ «ሐ» ሆና ትነበባለች። ለልጁ ሊያግዝ የተቀመጠ አባት እነዚህን ካላወቀ የሚያስተምረው ስሕተት ይሆናል።

በ2002 ዓ.ም. በ6 የአገሪቱ ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ሲደረግ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በ7 ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ። አፋርኛ በምዘናውም በመጻሕፍቱም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። በሌሎቹ ዘንድ ጉድለቱ ተለክቶ መጽሐፍ ተዘጋጀ፤ የአፋር ልጅ ጉድለት ግን አልተለካም።

እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ሲል «ቤቱ አላዘጋጀውም» ማለት ይቀናል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሸርሊ ብራይስ ሂዝ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በካሮላይና ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። በተረት አዋቂዎች መካከል ያደጉ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ምክንያቱ የቤታቸው የአነጋገር ልማድና የክፍሉ ልማድ አለመገጣጠም ነበር። በአፋር ደግሞ በዚህ ላይ የቋንቋና የፊደል ልዩነት ይጨመራል።

ብዙ ወላጆች «አፋርኛ ቤት ይበቃዋል፤ ሥራ የሚያስገኘው አማርኛና እንግሊዝኛ ነው» ይላሉ። በተለይ አዋሽ ላይ ይህን የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ኑሮው በመንገድና በገበያ ነው፤ ልጁም ከጎረቤቱ ጋር የሚጫወተው በአማርኛ ነው። ይሁን እንጂ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛ ፊደል ሲይዝ የሚጨምረው ፊደሉን ብቻ ነው። በማያውቀው ቋንቋ የጀመረ ግን ድምፁንም፣ ፊደሉንም፣ ትርጉሙንም በአንድ ጊዜ ይሸከማል።

ሠመራ ከአዋሽ የተለየች ናት። ከአሳይታ ዋና ከተማነቱን ተረክባ በአሰብ መንገድ ላይ አዲስ የተሠራች፣ የክልሉ ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲ የሚገኙባት ከተማ ናት። ለአፋርኛ መወሰን የሚችሉት እዚያ ተቀምጠዋል። የሚጠበቅባቸውም ከባድ አይደለም። የቃፋር ፌራ ፊደላት ከ20 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ የተማረ ወላጅ በአጭር ጊዜ ይይዛቸዋል። ልጅ ብቻ ሳይሆን እናትና አባትም የሚማሩበት የማታ ክፍል ይከፈት። የአያቶች ተረት ይቀዳ፣ በትንንሽ መጽሐፍ ይታተም፣ አዋሽ ላይም አማርኛው ከጎኑ ይጻፍ። ማንበብ የማይችሉት አያት ተረቱን ይንገሩ፤ ልጁ ያንኑ ተረት ከገጹ ላይ ያንብብላቸው።

በዳጉ ሕግ የሰማ ሰው ማድረስ አለበት። የአፋር ቤት የድርሻውን ሲያደርስ ኖሯል። ያላደረሰው ተቀባዩ ወገን ነው፤ ትምህርት ቤቱና ቢሮው ከቤት የተረከቡትን ቋንቋ በፊደል መልሰው ለቤቱ አልሰጡም።